የነቢዩ ኤርምያስ ጥሪና ዝግጅት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኤርምያስ በተማርን ቁጥር የሚነሡት ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው። አብዛኞቹ ስለ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 1 ናቸው። እኔ ግን መልሱን ብዙ ጊዜ የማገኘው ከምዕራፍ 11 በኋላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የኤርምያስ ጥሪ የአንድ ቀን ታሪክ ሲሆን ዝግጅቱ ግን ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ የሄደ፣ ዕድሜውን ሙሉ የፈጀ ነገር ነው።

ኤርምያስ ማን ነበር? የተጠራውስ መቼ ነው?

የካህኑ የኬልቅያስ ልጅ ነው። የተወለደው በብንያም ነገድ አገር፣ ዓናቶት በምትባል የካህናት መንደር ነው። ዓናቶት ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን ምሥራቅ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዛሬም በአካባቢው ዓናታ የሚባል መንደር ስሟን ይዞ ቆይቷል። ንጉሥ ሰሎሞን ካህኑን አብያታርን ከሥልጣኑ ሽሮ የሰደደው ወደዚችው መንደር ነበር። ስለዚህ ኤርምያስ ያደገው ለቤተ መቅደሱ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ ሆኖም ከቤተ መቅደሱ ሥልጣን ውጭ በሆነ ሰፈር ነው።

ቃሉ የመጣለት ኢዮስያስ በነገሠ በ13ኛው ዓመት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 627 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን እስከ ወደቀችበት እስከ ሴዴቅያስ 11ኛ ዓመት ድረስ አገልግሏል። ከዚያም አልፎ ወደ ግብፅ ተወስዶ እዚያም ተናግሯል። ባጭሩ ከ40 ዓመት በላይ ነው።

ሲጠራ ስንት ዓመቱ ነበር?

መጽሐፉ አይናገርም። ራሱን "ብላቴና" ይላል፤ ያላገባ ወጣት እንደ ነበረ ከታሪኩ መረዳት ይቻላል። ከዚያ በላይ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ግምቱን ነው የሚነግራችሁ።

"በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ" ከተባለ እምቢ የማለት ዕድል ነበረው?

ይህን ጥያቄ ወጣቶች በጣም ይወዱታል። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ "በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ፥ ከማኅፀንም ሳትወጣ ቀድሼሃለሁ፥ ለአሕዛብም ነቢይ አድርጌሃለሁ።" ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስላል። ግን ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፤ ኤርምያስ ይከራከራል። እግዚአብሔርም ክርክሩን ሰምቶ መልስ ይሰጠዋል። በገዛ አፉ እንዲናገር የተፈለገ ሰው ነውና አፉ ገና ከመጀመሪያው አልተዘጋም።

ደግሞም ይህ ቃል ለኤርምያስ ማዕረግ ሆኖ አልተሰጠውም። በኋላ የገዛ መንደሩ ሰዎች ሊገድሉት ሲማከሩ፣ ካህናቱ ሲገርፉት፣ ንጉሡ መጽሐፉን ሲያቃጥልበት "ማን ላከህ?" ለሚለው ጥያቄ የሚይዘው መልስ ይህ ብቻ ነበር። ከመወለዱ በፊት የሆነ ነገር ስለሆነ ከኋላው መጥቶ ሊነጥቀው የሚችል ሰው የለም።

"ብላቴና ነኝ" ብሎ ማመካኘቱ አለመታዘዝ አልሆነበትም?

አልሆነበትም። ከተጠሩት መካከል ያላንገራገረ ብንፈልግ ጥቂት ነው የምናገኘው። ሙሴ አፌ ኮልታፋ ነው አለ፤ ሌሎችም ምክንያቶች ደርድሮ በመጨረሻ "ሌላ ላክ" እስከ ማለት ደረሰ። ጌዴዎን ወገኔ ደካማ ነው አለ። ኢሳይያስ "እነሆኝ፥ እኔን ላከኝ" ማለቱን ሁላችንም እንጠቅሳለን፤ ግን እሱም መጀመሪያ "ጠፍቻለሁ" ብሎ ጮኾ፣ ፍሙ ከንፈሩን ከነካው በኋላ ነው ይህን ያለው።

በኤርምያስ መልስ ውስጥ ደስ የሚለኝ ነገር እግዚአብሔር "አይ፣ አንተ ጎበዝ ተናጋሪ ነህ" አለማለቱ ነው። ችሎታውን አላሞገሰም፤ ልጅነቱንም አልካደም። "ወደምሰድድህ ሁሉ ትሄዳለህ፣ የማዝዝህን ሁሉ ትናገራለህ፣ እኔ ከአንተ ጋር ነኝ" ነው ያለው። በእኛ ዘንድ አንድ ወጣት "አልችልም" ሲል ወዲያው "ትችላለህ እንጂ!" እያልን እናበረታታለን። እዚህ ጋ የተሰጠው ማበረታቻ ግን ስለ ላኪው እንጂ ስለ ተላኪው አይናገርም።

የለውዙ በትርና የሚፈላው ድስት ምን ያሳያሉ?

ከጥሪው ጋር ተያይዘው የታዩ ሁለት ራእዮች ናቸው። ለውዝ በዚያ አገር ክረምቱ ገና ሳይወጣ ከሌሎች ዛፎች ቀድሞ የሚያብብ ዛፍ ነው፤ በዕብራይስጥ ስሙ "መትጋት" ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ እግዚአብሔር "ቃሌን እፈጽም ዘንድ እተጋለሁ" ይለዋል። ከሰሜን ወገን ያዘነበለው ድስት ደግሞ ክፉ ነገር ከሰሜን በምድሪቱ ሰዎች ላይ እንደሚፈስስ ያሳያል። የባቢሎን ሠራዊት በረሃውን አቋርጦ አልመጣም፤ በሰሜን በኩል ዞሮ ነው የወረደው።

ለጥሪው ጉዳይ ግን ከትርጉሙ ይልቅ አጠያየቁን ልብ በሉ፦ "ኤርምያስ ሆይ፥ ምን ታያለህ?" ያየውን ይናገራል፤ ማየቱ ትክክል እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ትርጉሙ የሚሰጠው። ያላየውን እንዳይጨምር፣ ያየውን እንዳይደብቅ የሚያለማምድ የመጀመሪያ ትምህርቱ ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ የተዘጋጀው የት ነው? የነቢያት ትምህርት ቤት ነበረ?

በኤልያስና በኤልሳዕ ዘመን "የነቢያት ልጆች" የሚባሉ ማኅበራት ነበሩ። ኤርምያስ ግን እንዲህ ዓይነት ማኅበር ውስጥ እንደ ገባ የሚያሳይ ነገር የለም። የካህን ልጅ ስለሆነ ሕጉንና የአባቶችን ታሪክ በቤቱ ተምሯል ብሎ ማሰብ አይከብድም። የሆሴዕ ድምፅም በስብከቱ ውስጥ ይሰማል፤ እስራኤልን እንደ ከዳተኛ ሚስት መግለጹን አስተውሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝግጅት ግን መንገድ ላይ የሆነ ነው። ጥቂቱን ልዘርዝር።

መጀመሪያ፣ ብዙ ሳይታወቅ ቆየ። በኢዮስያስ 18ኛ ዓመት የሕጉ መጽሐፍ በቤተ መቅደስ ሲገኝ፣ ንጉሡ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለመጠየቅ መልክተኞች ላከ። መልክተኞቹ የሄዱት ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ነው። ኤርምያስ ከተጠራ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ በዚያ ትልቅ አገራዊ ጉዳይ ስሙ አልተነሣም። መጽሐፉ ምክንያቱን አይነግረንም፤ እኔ ግን ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ዛሬ ተጠርቶ ነገ መድረክ የሚጠብቀውን ትውልድ አስባለሁ።

ሁለተኛ፣ መልእክቱን ከመናገሩ በፊት በእጁ እንዲሠራው፣ በዓይኑ እንዲያየው ተደረገ። የተልባ እግር መታጠቂያ ገዝቶ ታጠቀ፣ ደበቀው፣ ተመልሶ ሲያወጣው ተበላሽቶ አገኘው። ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ወረደ፤ ሰውየው የሚሠራው ዕቃ ከእጁ ሲበላሽበት ጭቃውን ሳይጥል መልሶ ሌላ ዕቃ ሲያደርገው ቆሞ ተመለከተ። ቃሉ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ትልቅ ነቢይ የሰው ሥራ ቤት ገብቶ ቆሞ ማየት ነበረበት።

ሦስተኛ፣ መጠበቅን ተማረ። ይህ ለእኔ ዋነኛው ነው። ኢየሩሳሌም ከወደቀች በኋላ የተረፉት ሰዎች የጦር አለቃውን ዮሐናንን ይዘው መጡና "ወደ ግብፅ እንሂድ ወይስ እንቅር? እግዚአብሔርን ጠይቅልን" አሉት። ሕዝቡ ተጨንቋል፤ ባቢሎናውያን የሾሙት ገዢ ጎዶልያስ ተገድሏል፤ በቀሉ ሳይደርስ መሸሽ ፈልገዋል። ኤርምያስ ቃሉን ያገኘው ከ10 ቀን በኋላ ነው። የ40 ዓመት ልምድ ያለው ነቢይ፣ መልሱን ከራሱ አእምሮ አውጥቶ መናገር የሚችል ሰው፣ ዐሥር ቀን ዝም ብሎ ጠበቀ። ምዕራፍ 42ን ገልጣችሁ አንብቡት።

ለምን እንዳያገባ ተከለከለ?

ምዕራፍ 16 ላይ ሦስት ክልከላዎች አሉ፦ ሚስት አታግባ፣ ወደ ልቅሶ ቤት አትግባ፣ ወደ ግብዣ ቤትም አትግባ። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ያነሣል። ለአበሻ አንባቢ ግን ሁለተኛው ሳይከብድ አይቀርም። እድርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቀን ጎረቤት ሞቶበት ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። ዓናቶትም ሁሉም የሚተዋወቅባት ትንሽ መንደር ነበረች።

ምክንያቱ በዚያው ተጽፏል። ሊመጣ ባለው ጥፋት ልጆችና ወላጆች አብረው ይሞታሉ፤ የሚያለቅስላቸውም የሚቀብራቸውም አይገኝም፤ የሙሽራና የሙሽሪት ድምፅም ይቋረጣል። ኤርምያስ ይህን በአፉ ብቻ ሳይሆን በኑሮው ቀድሞ እንዲያሳይ ታዘዘ። ይህ ለእሱ ለአንድ ሰው የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ኢሳይያስም ሕዝቅኤልም ሚስት ነበራቸው፤ ስለዚህ "አገልጋይ ሁሉ ብቸኛ መሆን አለበት" ብሎ ከዚህ ማስተማር አይቻልም።

ቤተሰቡስ ምን አሉት?

ጠሉት። የዓናቶት ሰዎች "በእግዚአብሔር ስም ትንቢት አትናገር፥ በእጃችን እንዳትሞት" አሉት። ወንድሞቹና የአባቱ ቤት እንኳ እንደ ከዱት ምዕራፍ 12 ይናገራል። እዚያው ላይ እግዚአብሔር የሚሰጠው መልስ ማጽናኛ አይመስልም፦ ከእግረኞች ጋር ሮጠህ ከደከምህ ከፈረሶች ጋር እንዴት ትወዳደራለህ? የቤተሰብ ክህደት የእግረኛው ሩጫ ነበር፤ ፈረሶቹ ገና አልመጡም።

ደግሞ ይህን ጨምሩበት፦ ከብዙ ዓመት በኋላ ከተማዋ ተከብባ፣ እሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ ከዚያው ቤተሰብ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ "በዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛ" አለው። ጠላት በያዘው አገር ያለ መሬት ማለት ነው። ኤርምያስ 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፣ ምስክሮች አስፈረመ፣ ውሉ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ አደረገ። ያሳደደው ዘመዱ ያቀረበለትን የከሰረ ገበያ፣ "በዚህች ምድር ቤትና እርሻ ገና ይገዛል" ለሚለው ተስፋ ምልክት አድርጎ ተቀበለው።

በመጠራቱ ተጸጽቶ ያውቃል?

አዎ፤ በግልጽም ተናግሯል። የቤተ መቅደሱ ሹም ጳስኮር መትቶት በእግር ግንድ ካሳደረው በኋላ ያለውን ምዕራፍ 20 ላይ ታገኙታላችሁ፦ "አታለልኸኝ እኔም ተታለልሁ።" የተወለደበትን ቀን ረገመ። ከእንግዲህ በስሙ አልናገርም ብሎ ወሰነ፤ ነገር ግን ቃሉ በአጥንቱ ውስጥ እንደ ገባ እሳት ሆነበት፤ ዝም ማለት አቃተው።

ከዚህም የሚብሰው ምዕራፍ 15 ላይ ነው። በምዕራፍ 2 እግዚአብሔር ራሱን "የሕያው ውኃ ምንጭ" ብሎ ነበር፤ ያንን ቃል ለሕዝቡ ያደረሰው ኤርምያስ ራሱ ነው። አሁን ግን ተመልሶ እግዚአብሔርን፣ ውኃ አለው ብለው ሲደርሱበት ደርቆ እንደሚገኝ ምንጭ ሆንህብኝ ይለዋል። የራሱን ስብከት ወስዶ በላኪው ላይ ማዞር ነው ይህ።

መልሱ "ብትመለስ እመልስሃለሁ፥ በፊቴም ትቆማለህ፤ የከበረውንም ከተዋረደው ብትለይ እንደ አፌ ትሆናለህ" የሚል ነው። ሌሎችን ወደ ንስሐ ይጠራ የነበረው ነቢይ ራሱ "ተመለስ" ተባለ። ወዲያውም በምዕራፍ 1 የተነገረው "እንደ ናስ ቅጥር አደርግሃለሁ" የሚለው ተስፋ ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ እንደገና ተሰጠው። ሁለተኛ ጥሪ ብንለው አንሳሳትም። የዝግጅቱ ትልቁ ክፍል ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ ምሬቱን ሳይደብቅ ተናግሮ፣ በምሬቱ ውስጥ ያለው ገለባ ከስንዴው ተለይቶለት፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሐሰተኞቹ ነቢያትም "ተጠርተናል" ይሉ አልነበረም?

ይሉ ነበር። ከኤርምያስ ጋር ፊት ለፊት የተጋጠመው ሐናንያ "የሠራዊት ጌታ እግዚአብሔር እንዲህ ይላል" ብሎ ነው የጀመረው፤ አነጋገሩ ከእውነተኛው አይለይም። በሴዴቅያስ 4ኛ ዓመት በቤተ መቅደስ ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕቃውም ምርኮኛውም ከባቢሎን ይመለሳል አለ። ኤርምያስ ለባቢሎን መገዛትን ለማሳየት በአንገቱ የተሸከመውን የእንጨት ቀንበርም ወስዶ ሰበረው።

ኤርምያስ ምን አደረገ? "አሜን፥ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ" አለ። የሰላም ትንቢት እውነት የሚሆነው ሲፈጸም ነው ብሎ አስጠነቀቀና፣ ቀንበሩ ሲሰበር መንገዱን ሄደ። የሚመልሰው ቃል ገና አልመጣለትም ነበር፤ ሕዝብ እያየው ተሸንፎ መሄድን መረጠ። ቃሉ በኋላ ሲመጣ ነው ተመልሶ የብረት ቀንበርን የተናገረው። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ምዕራፍ 23 ላይ "እኔ ሳልልካቸው ሮጡ" ይላል። በዛሬው ዘመን "ነቢይ" የሚለው ስም በየፖስተሩና በየቴሌቪዥን ጣቢያው ከስም ፊት እንደሚለጠፍ ሁላችንም እናያለን። ሁሉንም በጅምላ መኮነን የእኔ ሥራ አይደለም። ግን ምዕራፉ የሚሰጠው መለኪያ ተአምር ወይም የተመልካች ብዛት አይደለም፤ ሕዝቡን ከክፉ መንገዱ መለሱት ወይስ አጸኑት የሚል ነው። ቃሉን እርስ በርስ የሚሰራረቁ ነቢያትንም እዚያው ይወቅሳል።

ብቻውን ነበር እንዴ?

ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይሰበካል፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የሕጉን መጽሐፍ ለኢዮስያስ ያነበበው የጸሐፊው የሳፋን ቤተሰብ ለትውልድ ከጎኑ ቆሟል። ልጁ አኪቃም ከሞት አዳነው፤ ሌላው ልጁ ገማርያ የኤርምያስ ጸሐፊ ባሮክ መጽሐፉን ያነበበበትን ክፍል ሰጠ፤ ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት አጠገብ ተቀምጦ መጽሐፉን በካራ እየቆረጠ ሲያቃጥልም እንዳያደርገው ለምኗል። ባሮክ ደግሞ የተቃጠለውን እንደ ገና ጻፈ፤ ብዙ ቃልም ተጨመረበት።

ከሁሉ በላይ የእኛን ልብ የሚነካው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። አለቆቹ ኤርምያስን ውኃ በሌለበት ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ አውርደው ጣሉት። የቤተ መንግሥቱ ጃንደረባ አቤሜሌክ በበሩ ተቀምጦ ወደ ነበረው ንጉሥ ሄዶ "እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል" ሲል ተሟገተለት። ከዚያ ያረጀ ጨርቅና እላቂ ልብስ ሰብስቦ በገመድ አወረደለት፤ "ገመዱ እንዳይቆርጥህ ከብብትህ ሥር አድርገው" አለው። ሰውን ከሞት ለማዳን በሚሮጥበት ሰዓት የብብቱን ቆዳ ያሰበ ሰው ነው። ተረፈ ባሮክ የሚባለው መጽሐፍ አቤሜሌክ የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ፣ በቅርጫቱ ያለው በለስ ገና ትኩስ እንደ ነበረ ይተርካል።

በመጨረሻ ተሳካለት?

በቁጥር ከለካነው አልተሳካለትም። በኢዮአቄም 4ኛ ዓመት ራሱ እንዳለው 23 ዓመት ተናገረ፤ አልሰሙትም። ወደ ግብፅ አትሂዱ አላቸው፤ ሄዱ፤ እሱንም ይዘውት ሄዱ። በትውፊት እዚያው ግብፅ በድንጋይ ተወግሮ እንደ ሞተ ይነገራል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ግንቦት 5 ቀን ታስበዋለች። ሆኖም ያቃጠሉት መጽሐፍ ይነበባል፤ ዳንኤል በባቢሎን ሆኖ የ70 ዓመቱን ዘመን ያስተዋለው ከኤርምያስ ቃል ነው።

እኔስ መጠራቴን በምን አውቃለሁ?

በአንድ አንቀጽ የሚመለስ አይደለም። ከኤርምያስ ሕይወት ብነሣ ግን መጀመሪያ የምጠይቅህ "ምን አየህ? ምን ሰማህ?" ብዬ አይደለም። ያላዩህ ጊዜ ምን ትሠራለህ? ቃል ሳይኖርህ "የለኝም" ማለት ትችላለህ? የምትወዳቸው ሰዎች ሲቃወሙህ ትበቀላለህ ወይስ እርሻቸውን ትገዛለህ? ባሮክም "ለራስህ ታላቅን ነገር ትፈልጋለህን? አትፈልገው" ተብሏል። ይህን ከሚያውቁህ አባቶችና እናቶች ጋር ቁጭ ብለህ ተነጋገርበት፤ ስልክ ላይ ለማታውቀው ሰው ገንዘብ እየላክህ የሚነገርህን አትጠብቅ።

መጽሐፉን ከየት ልጀምር?

ትንቢተ ኤርምያስ በዘመን ቅደም ተከተል አልተጻፈም፤ ከ1 እስከ 52 ቀጥ ብሎ የሚያነብ ሰው ምዕራፍ 21 ላይ ግራ ይጋባል፤ ሴዴቅያስ ላይ ደርሶ ምዕራፍ 25 ላይ ወደ ኢዮአቄም ይመለሳልና። ለጥሪውና ለዝግጅቱ ጉዳይ እንዲህ አንብቡት፦ ምዕራፍ 1፣ ከዚያ 11 እና 12፣ 15 እና 16፣ 18 እስከ 20፤ ቀጥሎ ከኢዮአቄም ዘመን 26፣ 36 እና 45፤ ከሴዴቅያስ ዘመን 27 እና 28፣ 37፣ 32፣ 38 እና 39፤ በመጨረሻ ከ40 እስከ 44። በአንድ ቁጭታ አትጨርሱት። ሰቆቃወ ኤርምያስን ከዚህ በኋላ አንብቡት፤ ከተማዋ ስትወድቅ የነበረውን ካወቃችሁ በኋላ ሲነበብ ሌላ ነው።